ለይታይሽ የተተወ አደራ

ይታይሽ፣ ስሚኝማ፤
እሑድ ጎህ ሳይቀድ ወደ ጎርጎራ ነኝ፣
የመርከቧ ሞተር ሳል ይዞታልና ሳምንት ጠብቂኝ።
ቁልፉ ከበሩ ጥግ፣ ከአሮጌው ጎማ ሥር፣
አመዶ ከጓዳ፣ ከቢራ ሳጥን ዳር።

እናትሽ እውነቷን ነው፤
ለበዓል አይታረድ፣ ለልጅ አይታለብ፣
ሌባ ሲመጣበት ጥግ ይዞ የሚያስብ።
«ምን ሊሠራልህ ነው?» ብላኝ አንድ ማታ፣
ጿሚ ነው አልኳት፣ ፋሲካ የማይፈታ።
ሳቀች። እኔ ግን አልቀለድኩም።

ዋናው ምግቡ ድርቆሽ ነው፤ ይኸን አትርሺ፣
ማዳበሪያው ውስጥ አለ፣ በሁለት እጅሽ አንሺ፤
ሲያልቅ ጨምሪለት፣ ድርቆሽ አይለካም፣
ሌት ተቀን ቢያኝከው ሆዱን አይነካም።
ቅጠል ግን ይለካል።
ቅጠል እንደ ወሬ ነው፣ ሲበዛ ሆድ ይነፋል።

የካሮቱን ቅጠል ቆርጣ የምትጥለው
እትዬ ዘርትሁን ናት፤ ለምኛት፣ ነፃ ነው።
ድምብላል ካላት ሁለት ዘለላ፣
ሰላጣ አረንጓዴውን፣ ትንሽም በሶብላ።
ግን «መድኃኒት መቼ ረጩበት?» ብለሽ ጠይቂያት፤
«እኔ ምን አውቄ» ካለች ለራሷ ተዪላት።

በቧንቧ እጠቢው፤ ሐይቁ ይቅርብሽ፣
አራግፈሽ አጠንፍፊው፣ ሳትቸኩዪ፣ ቀስ ብለሽ።
በላስቲክ ያደረ፣ የሞቀ፣ የወረዛ
አይሰጥም፣ በዓይኑ ልመና ቢያበዛ።
ቆስጣ በሳምንት አንዴ፣ ያውም አንድ ቅጠል፤
ጥቅል ጎመን ይቅር፣ ሆዱን ይወጥራል።
የድንች፣ የቲማቲም ቅጠል ከቶ አታስጠጊ፣
የግቢው አቮካዶም ጥላው ለእኛ እንጂ
ቅጠሉ ለሱ ሞት ነው፤ በሩን አጥብቀሽ ዝጊ።

ለምን ይህን ሁሉ?
ከአመዶ በፊት ጥጤ ነበረች፤ አታስታውሻትም፣
ያኔ ገና ትድኺ ነበር።
አንድ ቀን ፕሮፔለሩን እምቦጭ ጠመጠመው፣
እስከ ደረቴ ውኃ ገብቼ ፈታሁት፣ ክንዴ እስኪደክመው።
ስወጣ አየሁት፦ ለምለም፣ አበባው ሐምራዊ።
ሐይቁን ያነቀው፣ አልኩ በልቤ፣ ለጥጤ ድግስ ነው።
አንድ እቅፍ ሙሉ፣ ውኃው እየተንጠባጠበ፣
ተሸክሜ ገባሁ።
በላች። እያየኋት እኔም ጠገብኩ።

ጠዋት ተኮማትራ ጥርሷን ታፋጫለች፣
ሆዷ ከበሮ ሆኖ፣ በጠጥ ካቆመች አድራለች።
ባጃጅ ይዤ በረርኩ፤ የከብት ሐኪሙ አየኝ፣
«ጥንቸል አክሜ አላውቅም፣ ወንድሜ» አለኝ።
እስከ ቀትር ቆየች፣ ከጃኬቴ ውስጥ።
መርዝ ይሁን፣ ብዛቱ፣ ድንገት መሆኑ፣
እስከ ዛሬ አላወቅሁም።
ብቻ የእኔ ፍቅር በእቅፍ ነበር፣
የእሷ ሆድ በእፍኝ።

ስለዚህ ጠዋት ስትመጪ፣ ከሰላምታው በፊት
መሬቱን እዪ፦
ሽምብራ የመሰለ፣ ክብ፣ ደረቅ በጠጥ ካለ
ቤቱ ሰላም ነው።
ከሌለ፣ ድርቆሹም ሳይነካ ካደረ፣
«ነገ ይሻለዋል» ማለት ቀረ፤
የዶክተር ትሕትና ቁጥር ግድግዳው ላይ ነው፣ በጠመኔ።
እሷ ጥንቸል ታውቃለች።
አዲስ ቅጠል ካገኘሽ አንድ ዓይነት፣ አንዲት ቁራሽ፣
ሌላውን ለነገ፣ በጠጡን አይተሽ።

ደቅ ላይ ኔትወርክ ካለ እደውላለሁ፤
ስለ ፈተናሽ አልጠይቅም፣ ስለ እናትሽም፣
«ስንት ጣለ?» ነው የምልሽ፤ አትሳቂ።
ማታ ማታ ከጎኑ ቁጭ በዪ፣ ምንም አትሥሪ።

እና ከእትዬ ዘርትሁን ቅጠል መለመን ታፍሪያለሽ፣ አውቃለሁ፤
ግማሽ ኪሎ ካሮት ግዢባት፣ ብሩን መደርደሪያው ላይ ትቻለሁ።
ካሮቱ ለሱ ስኳር ነው፣
አንቺ ብዪው።